የተዘጋ ቤት ባዶ ቤት አይደለም

(በመምህራን ማኅበር ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)




የማኅበራችን መሪዎች በዚህ ጉባኤ ላይ አጭር ንግግር እንዳደርግ በጠየቁኝ ጊዜ፤ ስለ ፈተና አሰጣጥ ወይም ስለ መጻሕፍት እጥረት እንደምናገር ሳይገምቱ አልቀሩም። እኔ ግን ዛሬ የማነሣው ጕዳይ በትምህርት መርሐ ግብራችን ውስጥ ስፍራ ያላገኘ፤ ነገር ግን ተማሪዎቻችን እኛን ሳይጠይቁ በዕረፍት ቀናቸው ራሳቸው የሚማሩት ነው። ይኸውም ሥራቸው ቆሞ ወደ ተተዉ ፋብሪካዎች፤ ወፍጮ ቤቶች፤ የባቡር መጠገኛዎችና መጋዘኖች ሾልኮ እየገቡ የመመልከት ልማድ ነው። ይህ ነገር ከማስተማር ሥራ የራቀ የሚመስለው ሰው ቢኖር፤ እኔም አስቀድሞ እንደዚሁ ይመስለኝ ነበር። አሳቤን የለወጠው በራሴ ተማሪ ላይ የደረሰ ጕዳት ነው።

ከብዙ ዓመት በፊት የባቡር ሐዲድ በሚያልፍባት በአንዲት ከተማ ሳይንስ አስተምር ነበር። በከተማይቱ ዳር ከተዘጋ ዘመን ያለፈው አንድ የዘይት መጭመቂያ ፋብሪካ ነበረ። አንድ ቀን ስለ እንፋሎት ኀይል ሳስተምር፤ የእንፋሎት ሞተር በሰሌዳ ላይ በጠመኔ ሣልሁና፤ «እውነተኛው ሞተር በዚያ በተዘጋው ፋብሪካ ውስጥ ቆሟል» ብዬ ተናገርሁ። ይህን ያልሁት ትምህርቱን ለማጣፈጥ ብቻ ነበር። ደወል ተደወለና ወጣሁ። እኔ የተናገርሁትን ረሳሁ፤ ልጆቹ ግን አልረሱም።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ሦስት ተማሪዎች በጓሮ በኩል በፈረሰው ግንብ ገቡ። ሞተሩንም አገኙት። ከላይ ሆነው ደኅና አድርገው ለማየት በእንጨት ወደ ተሠራው ፎቅ ወጡ። ወለሉን ግን ጣራው ያፈሰሰው የብዙ ክረምት ውሃ አበስብሶት፤ ምስጥም በልቶት ነበር። ከሦስቱ አንዱ የቆመበት ሳንቃ ተሰበረና ወደ ታች ወደቀ፤ እግሩም በሁለት ስፍራ ተሰበረ። ጩኸት ሰምቶ የደረሰላቸው የፋብሪካው ሽማግሌ ዘበኛ ነበር።

ወደ ሐኪም ቤት ስደርስ ዘበኛውን በበሩ አጠገብ ተቀምጦ አገኘሁት። ይቈጣኛል ብዬ ፈርቼ ነበር። እርሱ ግን ዝግ ብሎ፤ «መምህር፤ እኔ ዘበኛ ከመሆኔ በፊት በዚያ ቤት ስሠራ የኖርሁ ሰው ነኝ። የትኛው ሳንቃ እንደሚይዝ፤ የትኛውም እንደማይዝ ዓይኔን ጨፍኜ አውቀዋለሁ። ቢጠይቁኝ ኖሮ ባሳየኋቸው ነበር» አለኝ። ልጁም ከአልጋው ላይ ሆኖ ሲያየኝ ስለ እግሩ አንዳች አልተናገረም፤ «መምህር፤ መንኰራኵሩ እርስዎ ከሣሉት እጅግ ይበልጣል» አለኝ። ስብራቱ ቢድንም እግሩ አጥሮ ስለ ቀረ እስከ ዛሬ ያነክሳል።

እነዚህ ሁለት ንግግሮች ከአእምሮዬ ጠፍተው አያውቁም። ከልጁ የተረዳሁት ፍላጎቱ መልካም እንደ ነበረ ነው፤ ከዘበኛው የተረዳሁት ደግሞ ጥፋቱ የማን እንደ ሆነ ነው። ልጁን የቀሰቀስሁት እኔ ነኝ፤ የሚያውቀውንም ሰው ሳልጠይቅ የቀረሁ እኔ ነኝ።

ይህ ልማድ የኛ ልጆች ብቻ አይደለም። በአውሮጳና በአሜሪካ ፋብሪካዎች በተዘጉባቸው ከተሞች ብዙ ወጣቶች ይከተሉታል። እንደ አውሮጳውያን አቈጣጠር በ1996፤ (ከዚህ በኋላ የማነሣቸው ዘመናት ሁሉ በዚሁ አቈጣጠር ናቸው) በካናዳ አገር በቶሮንቶ ከተማ «ኢንፊልትሬሽን» የተባለች ትንሽ መጽሔት ስለዚሁ ነገር መታተም ጀምራ ነበር። ዛሬ ደግሞ ወጣቶች የገቡበትን ቤት በእጅ ስልካቸው ፊልም እያነሡ ለዓለም ያሳያሉ። ከእነርሱ ጨዋ የሆኑት ቍልፍ ላለመስበርና ከፎቶግራፍ በቀር ምንም ላለመውሰድ በመካከላቸው ተስማምተዋል። ይህ ደንብ የባለቤቱን ንብረት ይጠብቃል፤ የገቢውን ሕይወት ግን አይጠብቅም።

ወደ ራሳችን አካባቢ እንመለስ። ከጅቡቲ የተነሣው የባቡር ሐዲድ ሥራው በ1897 ተጀምሮ በ1902 ድሬዳዋ፤ በ1917 ደግሞ አዲስ አበባ ደረሰ። ድሬዳዋም የተቈረቈረችው በዚሁ ሐዲድ ምክንያት ነው፤ በዚያ በነበረው መጠገኛ ውስጥ ብዙ ትውልድ የብረት ሥራ ተምሯል። በኤሌክትሪክ የሚሠራው አዲሱ ሐዲድ በ2016 ተመርቋል፤ በአሮጌው መስመር ላይ ያሉ ብዙ ትንንሽ ጣቢያዎች ግን ባቡር የማይቆምባቸው ሆነዋል። እንዲህ ያለው ቤት ለወጣት ዓይን ከተረት ይበልጥ ያጓጓል። አባቶቹ የሠሩበትን ስፍራ ለማየት መፈለግ ነውር አይደለም፤ የዕውቀት መጀመሪያ ነው። እንግዲህ የሚያስፈልገው በዚያ ውስጥ የሚጠብቀውን አደጋ ለይቶ ማወቅ ነው። እኔ በአራት እከፍለዋለሁ።

አንደኛው የሚፈርስ ነገር ነው። የተዘጋ ሕንፃ ጣራው ሲያፈስ እንጨቱ ይበሰብሳል፤ የብረት መሰላሉ ከውስጥ ይዝጋል፤ የጕድጓዱ ክዳን ለቍርጥራጭ ብረት ተሸጦ አፉ ክፍት ሆኖ ይቀራል። ከውጭ ሲያዩት ግን ሁሉም እንደ ቀድሞው የቆመ ይመስላል።

ሁለተኛው አየሩ ነው። ንጹሕ አየር ከመቶው 21 እጅ ያህሉ ኦክሲጅን ነው። በተዘጋ የብረት ጋን ውስጥ ግን ዝገቱ ራሱ ኦክሲጅኑን ይጨርሰዋል፤ የበሰበሰ እህልና የዘይት አተላም እንዲሁ ያደርጋል። ይህ አየር ሽታም ቀለምም ስለሌለው የገባው ሰው ሳያውቀው ራሱን ስቶ ይወድቃል። ይልቁንም የሚያሳዝነው፤ ጓደኛውን ለማውጣት ተከትሎ የሚገባው ሁለተኛው ሰው ብዙ ጊዜ አብሮ መሞቱ ነው። ስለዚህ ልጆቻችን አንድ ነገር ብቻ ቢይዙ፤ ጓደኛህ በጋን ወይም በጕድጓድ ውስጥ ሲወድቅ ተከትለኸው አትግባ፤ ሮጠህ ሰው ጥራ የሚለውን ይያዙ።

ሦስተኛው ቀስ ብሎ የሚገድል ነገር ነው። በአሮጌ ፋብሪካዎች የእንፋሎት ጋንና ቧንቧ ሙቀቱ እንዳይወጣ ብዙ ጊዜ በአዝቤስቶስ ይሸፈን ነበር። ይህ ነገር ሲሰባበር የሚነሣው ብናኝ በሳንባ ውስጥ ይቀመጥና ብዙውን ጊዜ ከ20 ዓመት በኋላ ካንሰር ሆኖ ይወጣል። በአሮጌ የኤሌክትሪክ ትራንስፎርመሮች ውስጥ የነበረው ዘይትም አንዳንዱ መርዝ አለበት፤ እንዲህ ያለው መርዝ ከዓለም እንዲወገድ መንግሥታት በ2001 በስቶክሆልም ተስማምተዋል። መዳቡን ለመስረቅ ትራንስፎርመሩን የሚሰብር ሌባ ዘይቱን በመሬት ላይ አፍስሶት ይሄዳል።

አራተኛው አደጋ ከሰው የሚመጣ ነው። በሌሊት የታጠቀ ዘበኛ ተማሪውን ከሌባ ለይቶ አያውቀውም። ሌባውም ምስክር አይወድም። ጦርነት ባለፈበት አገር ደግሞ አደጋው ይብሳል፤ ከ2020 እስከ 2022 በሰሜን ኢትዮጵያ በተደረገው ጦርነት ፋብሪካዎችና ትምህርት ቤቶች ፈርሰዋል፤ ሳይፈነዳ የቀረ መሣሪያም ከጦርነቱ በኋላ ሕፃናትን ገድሏል፤ አካለ ስንኩልም አድርጓል። እንዲህ ባለ ስፍራ ባለሙያ መርምሮ ንጹሕ ነው ሳይል ማንም እግሩን ሊያነሣ አይገባም።

ሆኖም ከነዚህ ሁሉ የበለጠ ያስተማረኝ በብራዚል አገር ጎያንያ በምትባል ከተማ የሆነው ነገር ነው። ቤቱ ፋብሪካ ባይሆንም ነገሩ አንድ ነው። ካንሰርን በጨረር የሚያክም አንድ ተቋም ወደ ሌላ ሕንፃ ሲዛወር፤ ሴዝየም 137 የተባለውን ጨረር አመንጪ ነገር የያዘ መሣሪያ በአሮጌው ቤት ትቶ ሄደ። ቤቱም ከፊሉ ፈረሰ። በመስከረም 1987 ሁለት ሰዎች ዋጋ ያለው ዕቃ በዚያ መቅረቱን ሰምተው ገቡ፤ የመሣሪያውን ዋና ክፍል ነቅለው ወሰዱና ለቍርጥራጭ ብረት ነጋዴ ሸጡት። ከውስጡ በጨለማ ሰማያዊ ብርሃን የሚሰጥ ነገር ተገኘ። ቤተ ሰብና ወዳጅ እንደ ብርቅ ዕቃ ተካፈለው፤ በገላው ላይ የቀባውም ነበረ። አንዲት የ6 ዓመት ሕፃን በነካችበት እጇ ምግብ በላች። በዙሪያዋ ያሉት ሁሉ መታመማቸውን አስተውላ ዕቃውን ወደ ጤና ሹማምንት የወሰደችው የነጋዴው ሚስት ነበረች። እርስዋና ሕፃኒቱ ሳይቀሩ 4 ሰዎች ሞቱ። 112,000 ያህል ሕዝብ ተመርምሮ በ249 ሰዎች ላይ የጨረሩ ብክለት ተገኘ። ይህን ሁሉ ያደረገው ነገር ክብደቱ 100 ግራም እንኳ አይሞላም ነበር።

ወዳጆቼ ሆይ፤ በዚያ ቤት የገቡት ሰዎች ስፍራው ባዶ መስሏቸው ነበር። ነገር ግን የተዘጋ ቤት ባዶ ቤት አይደለም። ከውስጡ የወጣው ሠራተኛውና የሠራተኛው ዕውቀት ነው፤ አደጋው ግን በስፍራው ተቀምጧል። የሚያውቀው ሰው ሳይናገር ሲሄድ፤ የማያውቀው በሰውነቱ ይማረዋል። አባቶቻችን «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ብለዋል፤ ነገር ግን ልጅ ምን እንደሚጠረጥር ካልነገሩት እንዴት አድርጎ ይጠረጥራል?

አንዳንዶች መድኀኒቱ መከልከል ነው ይላሉ። እኔም ከዚያ አደጋ በኋላ ወደ ፋብሪካው የሄደ ተማሪ ይቀጣል ብዬ አሳውጄ ነበር። ትርፉ ልጆቹ ከቀን ይልቅ በማታ መሄዳቸው ሆነ። ክልከላ የሚረባው አብሮት ሌላ በር ሲከፈት ነው። በጀርመን አገር በዱይስቡርግ ከተማ በ1985 የተዘጋ አንድ ትልቅ የብረት ማቅለጫ ፋብሪካ አለ። አላፈረሱትም፤ እንዲሁም አልተዉትም። ስፍራውን አዘጋጅተው በ1994 ለሕዝብ መናፈሻ አደረጉት። ዛሬ ሰው በማቅለጫው ምድጃ ላይ በመሰላል ይወጣል፤ በማዕድኑ መጋዘን ግንብ ላይ ዳገት መውጣት ይማራል፤ ውሃ በተሞላው የጋዝ ማጠራቀሚያ ውስጥ ጠልቆ ይዋኛል። ወጣቱ የሚሻው ድፍረትና ድንቅ ነገር ሁሉ በዚያ አለ፤ ልዩነቱ አስቀድሞ የሚያውቅ ሰው መርምሮት መግባቱ ነው።

ያን ያህል ገንዘብ እንደሌለን አውቃለሁ። ከእያንዳንዳችን እጅ የማይርቁ ሦስት ነገሮች ግን አሉ።

መጀመሪያ፤ እያንዳንዱ ትምህርት ቤት በአካባቢው ያሉትን የተዘጉ ፋብሪካዎች ዘርዝሮ ይወቅ፤ ለባለቤቱና ለከተማው አስተዳደር ክፍት ጕድጓድና የፈረሰ ግንብ እንዲዘጋ በጽሑፍ ያመልክት። መልስ ባይመጣ ደግሞ ያመልክት።

ሁለተኛ፤ የአደጋ ምልክቶችን ከፊደል ጋር እናስተምር። የጨረሩን ባለ ሦስት ክንፍ ምልክት፤ የመርዙን የራስ ቅል፤ የኤሌክትሪኩን መብረቅ ለይቶ የማያውቅ ተማሪ በዚህ ዘመን ማንበብ ያውቃል ልንል አይገባም።

ሦስተኛ፤ በቤቱ ውስጥ የሠሩትን ሽማግሌዎች ወደ ክፍላችን እንጥራ። የሚገባበት ስፍራ ቢኖር በባለቤቱ ፈቃድ፤ በወላጆች ስምምነት፤ በቀን ብርሃንና በእነርሱ መሪነት እንግባ። እነርሱ አይሆንም ባሉበት ግን እኛም አይሆንም እንበል።

ይህን የመጨረሻውን ሞክሬዋለሁ። በተከታዩ ዓመት ያን ሽማግሌ ዘበኛ ወደ ክፍሌ ጠራሁት። የተሰበረው ልጅ ምርኵዙን ይዞ በፊተኛው መቀመጫ ላይ ነበረ። ሽማግሌው ጠመኔ ይዞ የማያውቅ ሰው ስለ ነበረ ምንም አልሣለም፤ ነገር ግን እሳቱ በስንት ሰዓት ይነደድ እንደ ነበረ፤ ዘይቱ ሲፈላ ምን ዓይነት ድምፅ ይሰማ እንደ ነበረ፤ ጓደኛው እጁን በየትኛው ቀበቶ እንዳጣ ነገራቸው። የፋብሪካውንም ወለል በቃሉ ከበር እስከ ጓዳ አስቈጠራቸው፤ ልጆቹም በደብተራቸው ላይ ነደፉት። ደወሉ ሲደወል የተነሣ ልጅ አልነበረም።

ዛሬ ሽማግሌው በሕይወት የለም። ፋብሪካውም ፈርሷል፤ ሞተሩ ተቈራርጦ ለብረት ዋጋ ተሽጧል። ከዚያ ሁሉ የቀረው ልጆቹ የነደፉት ወረቀት ነው፤ አንዱን ቅጅ እኔ አስቀምጬዋለሁ። በየከተማችሁ እንደዚያ ሰው ያሉ ገና በሕይወት አሉ፤ ወደ ትምህርት ቤታችሁ ስትመለሱ፤ ሳይመሽ ሂዱና ጠይቋቸው።