ሰብል ሙቀትን የሚቋቋምበት ስልት



ስንዴ የደጋ እህል መሆኑ ከጥንት ጀምሮ የታወቀ ነው። ዛሬ ግን በመስኖ እየታገዘ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 740 ሜትር ገደማ በሆነው በወረር ቆላ ሳይቀር ይዘራል። ስለዚህም ሰብል ሙቀትን እንዴት ይቋቋማል የሚለው ጥያቄ ከቤተ ሙከራ ወጥቶ የእንጀራ ጥያቄ ሆኗል።

የዕውቀቱ መነሻ አንዲት ዝንብ ናት። እ.ኤ.አ. በ1962 ጣሊያናዊው ፌሩቾ ሪቶሳ የፍራፍሬ ዝንብ ሕዋሳት ሲሞቁ አንዳንድ የክሮሞሶም ክፍሎች እንደሚያብጡ አስተዋለ። በ1974 ሙቀቱ የተለዩ ፕሮቲኖችን እንደሚያስገኝ ታወቀ። በ1980ዎቹ መጀመሪያም ይኸው ነገር ከ28 ወደ 40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በተሸጋገረ የአኩሪ አተር ቡቃያ ላይ ታየ።

ፕሮቲን ሥራውን የሚያከናውነው በትክክል ሲታጠፍ ነው። ሙቀት ሲበረታ እጥፋቱ ይፈታል፤ የተፈቱትም እርስ በርሳቸው ተጣብቀው ይረጋሉ። በደኅናው ጊዜ ኤች.ኤስ.ፒ. 70 እና 90 የተባሉት ጠባቂ ፕሮቲኖች የሙቀት ጂኖችን ቀስቃሽ ይዘው ያግዱታል። የተፈቱት ሲበዙ ግን ጠባቂዎቹ ወደ እነርሱ ስለሚዞሩ፣ ቀስቃሹ ነጻ ወጥቶ ጂኖቹን ያስነሣል። ከዚያም ትናንሾቹ ጠባቂዎች የተፈታውን ደግፈው ይይዛሉ፤ ኤች.ኤስ.ፒ. 101 ደግሞ የረጋውን ይፈታል። እ.ኤ.አ. በ2000 እንደተገለጸው፣ ይህ ፕሮቲን የጎደለው የአራቢዶፕሲስ ተክል አስቀድሞ በመጠነኛ ሙቀት ቢለማመድም እንኳ ከኋላ የሚመጣውን ብርቱ ሙቀት መቋቋም ተስኖታል።

ከዚህ ለሥራችን ሁለት ቁም ነገሮች ይገኛሉ። አንደኛ፣ ተክል ቀስ በቀስ የሚለማመድ በመሆኑ፣ በድንገተኛ ሙቀት ብቻ የተፈተነ ዝርያ ቀን በቀን በሚሞቅ ማሳ ላይ የሚኖረውን ጠባይ አያሳይም። ሁለተኛ፣ ከሞት መትረፍና ምርት መስጠት አንድ አይደሉም። ሩቢስኮን የሚያነቃቃው ኢንዛይም ቅጠሉን ከሚገድለው ሙቀት በእጅጉ ባነሰ ሙቀት ይዳከማል፤ የአበባ ዱቄትም ከቅጠል ይልቅ ለሙቀት ስስ ነው። ለምለም ሆኖ የቆመ ማሳ ባዶ ዛላ ሊሸከም የሚችለውም ስለዚህ ነው።

እንግዲህ ዝርያ ስንመርጥ የቡቃያውን ጽናት ብቻ አይተን አንፍረድ። አበባና ፍሬ ሙላት ከሙቀቱ ጋር በሚገናኙበት ጊዜ፣ በእውነተኛው ቆላ ማሳ ላይ፣ ፍሬውን ቆጥረንና መዝነን እንምረጥ። ገበሬው የሚያስገባው ቅጠሉን ሳይሆን እህሉን ነውና።