ከፍዬ ልገላገል ወይስ አቤት ልበል?

(በአርብ ስብሰባችን ላይ ከአባሎቻችን አንዷ ያደረገችው ንግግር ነው። በዕለቱ መምጣት ያልቻሉ እህቶች እንዲያነቡት በጠየቃችሁት መሠረት አትመነዋል።)

እህቶቼ፣ ካላችሁ አንድ የእረፍት ቀን ቆርሳችሁ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። የአርብ ሰዓት ለእኛ ምን ያህል ውድ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ስለዚህ በቀጥታ ወደ ነገሩ ልግባ።

እኔ ጠበቃ አይደለሁም። ሳዑዲ ከመጣሁ ዘጠኝ ዓመት የሆነኝ፣ እንደ እናንተው ሰው ቤት የምሠራ ሴት ነኝ። የምነግራችሁ በራሴና በቅርብ በማውቃቸው እህቶች ላይ የደረሰውን፣ ከዚያ ወዲህም ጠይቄ የተረዳሁትን ነው።

ባለፈው ዓመት አንዲት ጓደኛችን ወልዳ አራስ ልንጠይቅ ሄድን። ስድስት ነበርን። ገንፎ ተበላ፣ ቡና ተፈላ። ከላይኛው ፎቅ ሙዚቃ ይጮሃል። የእኛ አልነበረም፤ አራስ ቤት፣ ሕፃን ተኝቶ፣ ማን ሙዚቃ ይከፍታል? በሩ ሲንኳኳ ቅርብ የተቀመጥኩት እኔ ስለነበርኩ ተነስቼ ከፈትኩ። ሁለት ፖሊሶች ናቸው። ጎረቤት ከሷል አሉ። «የእኛ አይደለም፣ ከላይ ነው» ብዬ ባለችኝ ዓረብኛ ተናገርኩ። አንደኛው ኢቃማዬን ተቀብሎ ቁጥሩን መዘገበና ሄዱ። በማግስቱ ስልኬ ላይ መልእክት መጣ፦ በመኖሪያ ሰፈር የሙዚቃ ድምፅ ከፍ ማድረግ፣ 500 ሪያል። ያጠፋሁት ነገር ቢኖር በር መክፈቴ ነው።

ለብዙዎቻችን 500 ሪያል የግማሽ ወር ደሞዝ ነው። ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም። ጓደኞቼን ብጠይቅ አንዷ «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ፤ ከፖሊስ ጋር ምን አፋለመሽ» አለችኝ። ሌላዋ «ዝም አይነቅዝም» አለችኝ። እኔም ከፍዬ ልገላገል አልኩና ከፈልኩ። ለማዳም እንኳ አልተነፈስኩም።

ከሰባት ወር በኋላ ለእንቁጣጣሽ ተሰባሰብን። የዚያን ቀን እውነቱን ልናገር፣ ሙዚቃው የእኛ ነበር፤ ስፒከሩም የኔ ነው። ጎረቤት ከሰሰ፣ ፖሊስ መጣ፣ ኢቃማ ሰጠሁ። አሁንም 500 ነው ብዬ ስጠብቅ 1,000 ሪያል መጣ። ዓረብኛ የምታነብ እህት መልእክቱን አነበበችልኝ፦ በዓመት ውስጥ ያንኑ ጥፋት ስለደገምሽ እጥፍ ነው።

ያኔ ነው የገባኝ። ዝም አይነቅዝም ይባላል፣ የኔ ዝምታ ግን ነቀዘ። የመጀመሪያውን ያላጠፋሁትን ከፍዬ ስገላገል የተገላገልኩ መሰለኝ እንጂ ስሜ መዝገብ ላይ ተቀምጦ ሁለተኛውን ይጠብቅ ነበር።

ዛሬ ላነሳ የፈለግሁት ይህን ነው። «ልክፈል ወይስ አቤት ልበል?» የሚለው ጥያቄ «እውነት አለኝ ወይስ የለኝም?» ከሚለው ይሰፋል። ሁልጊዜ ተከራከሩ ልላችሁ አልመጣሁም። ሁልጊዜ ከፍላችሁ ዝም በሉም አልልም። ሳታስቡ አትክፈሉ፣ በንዴትም አትክሰሱ ነው የምለው።

መጀመሪያ ሕጉ ምን እንደሚል እንይ። ሳዑዲ ውስጥ «ላኢሐት አልዘውቅ አልዓም» የሚባል በአደባባይ ስለሚደረግ ሥነ ሥርዓት የሚናገር ደንብ አለ። እ.ኤ.አ. በ2019 ነው የወጣው። በዝርዝሩ 19 ጥፋቶች አሉ። ሰልፍ ጥሶ መግባት 50 ሪያል፣ ቆሻሻ መጣል 500፣ ሰውን ያለ ፈቃዱ ፎቶ ማንሳት 1,000፣ በአዛን ሰዓት ሙዚቃ መክፈት 1,000 ያስቀጣል። የእኔው፣ በመኖሪያ ሰፈር ሙዚቃ ማስጮህ፣ ነዋሪ ሲከስ 500 ነው። ያው ጥፋት በአንድ ዓመት ውስጥ ከተደገመ እጥፍ ይሆናል። ይህን ቅጣት የመጣል ሥልጣን ያለው ፖሊስ ብቻ ነው። የሕንፃ ሐሪስ ወይም «እኔ የመንግሥት ሰው ነኝ» የሚል ሲቪል የለበሰ ሰው በእጅ ብር ከጠየቃችሁ፣ ያ ቅጣት አይደለም፤ አትስጡ። እውነተኛ ቅጣት በኢቃማ ቁጥር ተመዝግቦ በባንክ በኩል ነው የሚከፈለው።

ያው ደንብ ቅጣት የተጣለበት ሰው ለአስተዳደር ፍርድ ቤት አቤት ማለት ይችላል ይላል። የውጭ ሰው አይችልም አይልም፤ የቤት ሠራተኛ አትችልም አይልም። በመንግሥት መሥሪያ ቤት ውሳኔ ላይ የተለመደው መንገድ ደግሞ መጀመሪያ ውሳኔውን ለሰጠው አካል በ60 ቀን ውስጥ በጽሑፍ ቅሬታ ማቅረብ ነው። እሱ እንቢ ካለ ወይም ዝም ካለ ነው ወደ ዲዋን አልመዛሊም የሚኬደው። ሁሉም በዓረብኛ ነው። ስለዚህ መልእክቱ በመጣ ቀን ቀኑን ጻፉ፤ መቁጠር የሚጀምረው ከዚያ ነው።

እንግዲህ ከመወሰናችሁ በፊት ራሳችሁን አራት ነገር ጠይቁ።

አንደኛ፣ ይሄ ሙኻለፋ ነው ወይስ ቀዲያ? ሙኻለፋ የገንዘብ ቅጣት ነው። ቀዲያ ግን ክስ ነው፤ ጣቢያ ጠርተው ቃል የሚቀበሉበት፣ ወደ አቃቤ ሕግ የሚሄድ። ድብድብ ወይም ሰልፍ የሚል ቃል ወረቀቱ ላይ ካለ፣ ዛሬ የማወራው አይመለከተውም። ያኔ ከመናገር በፊት አስተርጓሚ ጠይቁ፣ ለሪያድ ኤምባሲያችን ወይም ለጅዳ ቆንስላችን አሳውቁ። ያላነበባችሁት ወረቀት ላይ ባስማ አታድርጉ። ፖሊስ ቢቆጣም «ማ አፍሃም፣ አብጋ ሙተርጂም» በሉ፤ አልገባኝም፣ አስተርጓሚ እፈልጋለሁ ማለት ነው።

ሁለተኛ፣ ወረቀቴ ንጹሕ ነው? ይሄን ስል የማስባት አንዲት እህት አለች። ቆሻሻ ጥለሻል ተብላ 500 ሪያል ተቀጣች፤ አልጣለችም። ተናዳ አቤት ልትል ልትሄድ ስትነሳ፣ ከቀድሞ አሠሪዋ ሁሩብ እንደተመዘገበባት አንዲት ጓደኛዋ አስታወሰቻት። ስለ 500 ሪያል ልትከራከር ገብታ እዚያው ልትቀር ነበር። ሁሩብ ያለባት እህት መጀመሪያ ስለ ሁሩቡ ከቆንስላ ወይም ከሕግ አዋቂ ጋር ትምከር፤ ቅጣቱ ከዚያ በኋላ ነው። ኢቃማው ያለፈባትም እንዲሁ።

ሦስተኛ፣ ማስረጃዬ ምንድን ነው? «እግዚአብሔር ያውቃል»፣ «ወላሂ እኔ አይደለሁም» ማለት እውነት ነው፣ ግን ወረቀት ላይ አይሠራም። ሰዓት ያለበት ነገር ያስፈልጋል። ከመካከላችን አንዲት እህት ማታ በሦስት ሰዓት መናፈሻ ውስጥ ረብሻለች ተብላ ተቀጣች። በዚያው ሰዓት የማዳምን እናት ይዛ ሆስፒታል ነበረች። የሆስፒታሉ ወረቀት ላይ ቀኑም ሰዓቱም የአሮጊቷም ስም አለ። ማዳሟ በዓረብኛ ጻፈችላት፣ ወረቀቱን አያይዘው አስገቡ። ከሁለት ወር በላይ ጠበቀች፣ ተሰረዘላት። ምናልባት ኢቃማ ቁጥሩ ሲመዘገብ ተሳስቶ ይሆናል፤ ምክንያቱን ማንም አልነገራት። ያዳናት ጩኸት አልነበረም፤ ሰዓት ያለበት ወረቀት ነው።

የኔን የመጀመሪያ ቅጣት ዛሬ ባየው፣ ማስረጃ ነበረኝ። አምስት ሴቶች አብረውኝ ነበሩ። ከላይ ፎቅ ያለው ሙዚቃ እየተሰማ በስልኬ የተቀረጸ የሕፃኑ ቪዲዮም ነበር። አንዷም አልጻፈችም፤ እኔም አልጠየቅኋቸውም። ቪዲዮውን ስልክ ስቀይር ጠፋብኝ። ሁለተኛውን ግን አቤት አላልኩም። ለምን? ሙዚቃው የኔ ነበር። እጥፍ የሆነው በሐሰተኛው ምክንያት ነው ብዬ ልከራከር አሰብኩ፤ ግን የመጀመሪያው 60 ቀን ካለፈ ቆይቷል። 1,000 ሪያሉን ከፈልኩ። ያመመኝ ጊዜው ማለፉ ነው።

አራተኛ፣ ምን ያስከፍለኛል? ገንዘብ ብቻ አትቁጠሩ። ቅሬታ ለመጻፍ ስንት አርብ ይሄዳል? አሠሪዬ ስትሰማ ምን ትላለች? አንዳንዷ ማዳም ከጎናችሁ ቆማ ትጽፋለች፣ ከሹርጣው ጋር ራሷ ትነጋገራለች። አንዳንዷ ደግሞ «ችግር አመጣሽብኝ» ብላ ልትመልሳችሁ ትችላለች። ማዳማችሁን የምታውቁት እናንተ ናችሁ። 50 ሪያል የሆነ ቅጣት ከሆነና ዓመቱን ሙሉ ያን ነገር እንደማትደግሙት ካወቃችሁ፣ ከፍላችሁ ወደ ሥራችሁ መሄድ ፈሪነት አይደለም። ግን ቀኑን በደብተር ጻፉ፤ ዓመት እስኪሞላ ድረስ ያ ነገር አብሯችሁ ነው። 500 እና ከዚያ በላይ ከሆነ፣ ወረቀታችሁ ንጹሕ ከሆነ፣ ሰዓት ያለበት ማስረጃ ካላችሁ፣ እኔ አቤት በሉ እላለሁ።

አንድ ነገር ጨምሬ ልጨርስ። ከመካከላችን ብዙዎች አብሸራቸውን የከፈተላቸው አሠሪያቸው ነው፣ በራሱ ስልክ ቁጥር። ቅጣት ሲመጣ መልእክቱ ለእሱ ይደርሳል፤ እሱ ረስቶ ወይም ደብቆ 60 ቀን ያልፋል። እናንተ የምታውቁት ኢቃማ ሲታደስ ወይም አገር ቤት ለመሄድ ስትነሱ ነው። አብሸር በገዛ ስማችሁ በወጣ ሲም መከፈት አለበት። ዛሬ ከዚህ ሳትወጡ፣ እዚያ ጥግ የተቀመጡት ሁለቱ እህቶች ስልካችሁን አይተው ይነግሯችኋል። የይለፍ ቃላችሁን ግን ለእነሱም ለኔም አትንገሩ።

ሌላው፣ ከመካከላችን አንዷ ተቀጣች ሲባል «ምን አድርጋ ይሆን» ብለን ከመናገራችን በፊት «እዚያ ነበርኩ፣ ልጻፍልሽ» እንበል። አራስ ቤት ከነበርነው አንዷ ያን ቀን እንዲህ ብትለኝ ኖሮ፣ ዛሬ የማወራላችሁ ሌላ ታሪክ ይሆን ነበር። እነሱን አልወቅስም፤ ፈርተው ነው። እኔም በእነሱ ቦታ ብሆን እፈራ ነበር። ከእንግዲህ ግን ሰሌዳው ላይ የዓረብኛ ቅሬታ አጻጻፍ ናሙና ተለጥፏል፣ የሚጽፉልን ሁለት እህቶችም ፈቃደኛ ሆነዋል። መልእክት የመጣባት፣ ሳትከፍልም ሳትከስም፣ መጀመሪያ ወደ እነሱ ትምጣ።

ቡናው ደርሷል፤ ሙዚቃውን ግን ቀስ አድርጉት።