ሐሳብ ሲበዛ ወዴት ይኬዳል?

(በሰፈራችን የወጣቶች ማእከል የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የምንነግራችሁ፣ ሦስት ጓደኛሞች በአንድ የኪራይ ቤት ስንኖር የደረሰብንን ነው። ከሦስታችን አንዱ ታመመ። እጁ አልተሰበረም፤ ትኩሳት የለውም፤ አያስለውም። ግን ታሟል። ስሙን አንጠራም። ይህን ንግግር አብሮን አዘጋጅቷል፤ «ንገሩ፣ ስሜን ብቻ ተዉት» ብሎናል።

ዕድሜው 22 ነው። ዳቦ ቤት ሌሊት ሌሊት ይሠራል። እናቱ አገር ቤት ሞቱ። መርዶው የተነገረው ከተቀበሩ ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው። «መንገዱ ሩቅ ነው፣ ልጁም ብቻውን ነው፣ አይደንግጥ» እየተባለ ቆየ። አንድ ማለዳ የአገሩ ሰዎች መጥተው መርዶውን ነገሩት። ለቅሶ ተቀመጥን። ሦስት ቀን ቤቱ በሰው ሞላ፤ ንፍሮ ተቀቀለ። በአራተኛው ቀን ሁሉም ወደ ሥራው ሄደ። እሱም ሄደ። አላለቀሰም። «ጠንካራ ልጅ ነው» ተባለ። እኛም እንደዚያው አልን።

ሐዘን በሽታ አይደለም። እናቱ ሞታበት የማያዝን ማን አለ? ግን ወራት አለፉ። እሱ ቀን መተኛት ሲገባው ጣሪያ ጣሪያውን እያየ ይውላል። ያስቀመጥንለት እንጀራ እንደተጠቀለለ ይደርቃል። ራሱን ያመዋል፤ ደረቱን ይከብደዋል። የእሑድ ኳስ ቀረ። አንድ ሌሊት ዳቦው ምድጃ ውስጥ እያለ ፈዞ ቆመ፤ ዳቦው ከሰለ፤ ከደመወዙም ተቆረጠ። ከዚያ በኋላ አንድ ማታ፣ «ተኝቼ ባልነሣ ደስ ይለኛል» አለን።

እኛ ምን መለስን? «ተው እንጂ! ወንድ አይደለህም እንዴ?» አልነው። ይህን ስንናገር ዛሬም እናፍራለን።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» የሚለውን ተረት የማያውቅ የለም። ግን ተረቱን ለቁስልና ለሳል እንጂ ለዚህ ዓይነቱ በሽታ አናስበውም። ለዚህ የምናውቀው «ሆድ ይፍጀው» የሚለውን ነው። ደግሞም ስድቡ አለ። አንዱ የማይሆን ነገር ሲናገር «አማኑኤል ግባ» እንለዋለን። አማኑኤል እኮ ሆስፒታል ነው! በኢጣሊያ ወረራ ዘመን ተቋቁሞ፣ ለብዙ ዓመታት በአገሪቱ ብቸኛው የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ሆኖ ቆየ። የአእምሮ ሐኪሞች ስፔሻሊስት ለመሆን ውጭ አገር ይሄዱ ነበር፤ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ይህ ሥልጠና የተጀመረው በ1995 ዓ.ም. ነው። ዛሬ ሕክምናው በአንድ ግቢ ብቻ የተዘጋ አይደለም። በሌሎች ሆስፒታሎችና ሠራተኛው በሠለጠነባቸው አንዳንድ ጤና ጣቢያዎችም ይገኛል። ስድቡ ግን እንዳለ ነው።

የሄድነው ጤና ጣቢያ ነው። ስሙ ይቅር። ካርድ ክፍል ያለው ሠራተኛ በመስኮቱ በኩል ጮክ ብሎ፣ «የአእምሮ ነው?» አለ። ወረፋው ሁሉ ዞሮ አየን። ጓደኛችን ወደ በሩ መሄድ ጀመረ። ከእኛ አንዱ እጁን ያዘው፤ ሁለተኛው ካርዱን ተቀበለ። ያን ቀን ብቻውን ቢሆን ኖሮ ይመለስ ነበር። ስለዚህ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሄድ ሰው አብሮት የሚሄድ ቢኖር መልካም ነው። ክፍሉ ውስጥ ግን ብቻውን ይግባ፤ እኛ ውጭ አግዳሚ ወንበር ላይ ቆየን።

ውስጥ የሆነውን የነገረን እሱ ነው። ነጭ ጋዋን የለበሱ፣ በዕድሜ የገፉ ሲስተር ነበሩ። መጀመሪያ፣ «እዚህ የምትነግረኝ እዚህ ይቀራል፤ ሕይወትህ ወይም የሌላ ሰው ሕይወት አደጋ ላይ ከሆነ ግን ዝም አልልም» አሉት። ከዚያ ጠየቁት። ስንት ሰዓት ትተኛለህ? ምግብ ይበላልሃል? ትጠጣለህ? ጫት ትቅማለህ? ከጀመረህ ስንት ጊዜ ሆነህ? ደሙም ታየ፤ የደም ማነስና የእንቅርት እጢ ችግርም ሰውን ሊያደክምና ሊያስተክዝ ይችላልና።

ቀጥለው፣ «ራስህን ለመጉዳት አስበህ ታውቃለህ?» አሉት። እኛ ይህ ጥያቄ ያልነበረን ሐሳብ ያመጣል ብለን እንፈራ ነበር። አያመጣም። እሱ እንዳለን፣ ያን ጥያቄ ሲሰማ ከትከሻው ኩንታል የወረደ መሰለው። ሞትን መመኘቱን፣ ግን ምንም አለማሰናዳቱን ነገራቸው። እንዲህ ሲሰማው ለማን እንደሚናገር ተስማሙ፤ የእኛም ስም በካርዱ ላይ ተጻፈ። (አንድ ሰው ራሴን አጠፋለሁ ካላችሁ ብቻውን አትተዉት፤ በዚያኑ ቀን ወደ ሆስፒታል ውሰዱት።)

በሳምንቱ ወደ ሥነ ልቦና ባለሙያ ተላከ። በየሳምንቱ አንድ ቀን፣ አንድ ሰዓት ለሚሆን ጊዜ። እኛ ምክር የሚሰጠው መስሎን ነበር። ምክርማ ከእኛም ጠግቧል! ባለሙያው ይልቁንስ ያስተነፍሱታል፤ በዝግታ ከሆድ መተንፈስን ያለማምዱታል። ደብተር ሰጥተውት፣ የተኛበትን ሰዓትና የሠራውን ሥራ ይጽፋል። በየሳምንቱ አንዲት ትንሽ ነገር ይመርጣል፤ ለምሳሌ ከሥራ ሲወጣ እስከ አደባባዩ በእግር መሄድ። ከዚያ ወደ እናቱ ጉዳይ ገቡ።

እዚህ ላይ ያልጠበቅነው ሆነ። ባሰበት። ከሁለተኛው ቀጠሮ ተቆጥቶ መጣ፤ «ቁስሌን ነካኩት እንጂ ምን አደረጉልኝ?» አለ። ሦስተኛውን ቀረ። እኛም ገንዘቡና ጊዜው ከንቱ ቀረ ብለን ነበር። በአራተኛው ሳምንት ራሱ ተነሥቶ ሄደ። ለምን እንደቀረ ለባለሙያው ነገራቸው፤ እሳቸውም አልተቆጡም፤ «በዝግታ እንሂድ» አሉት። ለካስ ይህም ሊነገር የሚገባው ነገር ነው! ከባለሙያው ጋር መግባባት ፈጽሞ ካልተቻለም፣ ሌላ ባለሙያ መጠየቅ ነውር አይደለም።

ሰፈር ውስጥ «ይህ የፈረንጅ ነገር ነው» ያሉን ነበሩ። ለእነሱ የዚምባብዌን ነገር እንንገራቸው። በሐራሬ ከተማ ዲክሰን ቺባንዳ የተባሉ የአእምሮ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ2006 ከሰፈር አያቶች ጋር አንድ ሥራ ጀመሩ። አያቶቹ ሠልጥነው፣ በክሊኒክ ግቢ ባለ የእንጨት አግዳሚ ላይ ተቀምጠው፣ የተጨነቀውን ያዳምጣሉ፤ ችግሩን አብረው ይፈቱታል። እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣው ጥናት፣ ከአያቶቹ ጋር የተነጋገሩት ሰዎች በግማሽ ዓመት ውስጥ ከሌሎቹ ይበልጥ እንደተሻላቸው አሳየ። እዚያ አገር በሾና ቋንቋ ሕመሙን «ኩፉንጊሲሳ» ይሉታል፤ አብዝቶ ማሰብ ማለት ነው። የእኛስ ሰው «ሐሳብ አብዝቶ ታመመ» አይልም እንዴ?

አክስቱ ደግሞ ጠበል ይሂድ አሉ። ባለሙያውን ጠየቀ። «ሂድ፤ ቀጠሮህን ግን አትተው» አሉት። ሄደ፤ ቀጠሮውንም አልተወም።

ያለቀሰው በሰባተኛው ቀጠሮ ነው። ቤት መጥቶም ቀጠለ። እኛ «በቃህ» ልንል አፋችን ላይ ደርሶ ተውነው፤ ቡና አፈላንለት። ስለ እናቱ ነገረን፤ ዳቦ መድፋት ያስተማሩት እሳቸው መሆናቸውን እስከዚያ ቀን አናውቅም ነበር።

ዛሬ ይተኛል፤ በየቀኑ ግን አይደለም። ዳቦ ቤቱንም አልለቀቀም። ቀጠሮው አሁን በወር አንድ ጊዜ ሆኗል፤ የሚቀጥለው ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ነው። የዚያን ቀን ውኃ የመቅዳቱ ተራ የእኛ ነው።