ቃላት ከየት መጡ?

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ በአንድ የመጨረሻ ክፍል ተማሪ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ ልናገር የተነሣሁት በየቀኑ ከአፋችን ስለሚወጡት ቃላት አመጣጥ ነው። ወደዚህ ጉዳይ የመራኝ አንድ ሽንፈት ስለ ሆነ አስቀድሜ እርሱን ልናዘዝ።

ባለፈው ዓመት በክርክር ክበባችን «የባዕድ ቃላት ከአማርኛ ይውጡ» ለሚለው ወገን ተከራካሪ ሆኜ ተመረጥሁ። የጠራ አማርኛ የሚገኘው ከአገር ቤት ነው ብዬ፣ መስከረም 21 ቀን ለሚከበረው የግሸን ማርያም በዓል ከአምባው ሥር ወዳለው ቤታችን ስሄድ ወረቀትና እርሳስ ይዤ ሄድሁ። እንደ ደረስሁም አያቴን «እማማ፣ ዛሬ የባዕድ ቃል ሳይቀላቅሉ ያነጋግሩኝ» ብዬ ለመንኋቸው። እርሳቸውም «ደግ ነው ልጄ፤ እንግዲያው ሱቅ ውረድና ሻይ ቅጠል፣ ስኳርና ሻማ ይዘህልኝ ና» አሉኝ።

ወደ ትምህርት ቤት ተመልሼ መጻሕፍት ስመረምር አፈርሁ። ሱቅ የዐረብ ቃል ነው፤ ሻማም በዐረብኛ ሰም ማለት ነው። ሻይ ከቻይና፣ ስኳር ከህንድ ተነሥተው በብዙ አገር አፍ ዞረው የደረሱን ናቸው። በክርክሩም ቀን ተሸነፍሁ።

ነገሩ ከዚህም ይሰፋል። ጠረጴዛ የግሪክ ቃል ሲሆን ትርጓሜው ባለ አራት እግር ማለት ነው። ግሪኮች ዛሬ ባንክን በዚሁ ስም ይጠሩታል፤ ጥንት ገንዘብ መንዛሪዎች ገበታ ዘርግተው ይሠሩ ነበርና። ባንክ የሚለውም በጣልያንኛ ከአግዳሚና ከገበታ ስም የወጣ ነው፤ በየሱቁ የምንደገፈው ባንኮኒ ወንድሙ ነው። ባቡር በፈረንሣይና በጣልያን ቋንቋ እንፋሎት ከሚባለው ቃል የመጣ ሲሆን፣ የሚሄድበት ሐዲድ ደግሞ በዐረብኛ ብረት ማለት ነው። የጅቡቲው ባቡር አዲስ አበባ የደረሰው በ1909 ዓ.ም. ነው፤ በገጠር ግን እህል የሚፈጨውንም ሞተር ባቡር እንለዋለን። ብርቱካን የፖርቱጋልን ስም የያዘ ነው። ይህች አገር በ1533 ዓ.ም. (በአውሮፓውያን አቆጣጠር 1541) በክርስቶፎ ዳ ጋማ መሪነት ወታደሮችን የላከችልን ናት፤ የፍሬው ስም ግን የደረሰን በዐረቦች በኩል ነው።

የገዛ አገራችን ስምስ? ሐይቅ ግዕዝ ነው። አምባሰልን ግን ሽማግሌዎች ሲፈቱት «የማር አምባ» ይላሉ፤ አሰል በዐረብኛ ማር ነውና። የወሎ ክርስቲያንና ሙስሊም በአንድ ገበያ ሲውል ቃልንም እንደ ጎረቤት እሳት ተጫጭሯል፤ እሳት ደግሞ ቢጭሩት ከሰጪው ቤት አይጎድልም። እኛም በበኩላችን ሰጥተናል። ጤፍ፣ እንሰትና ዋልያ የዓለም ሊቃውንት በሚጽፏቸው የዕፅዋትና የእንስሳት የላቲን ስሞች ውስጥ ይገኛሉ።

እንግዲህ ያገኘነው ቃል ሁሉ ይግባ ማለቴ ነውን? አይደለም። ምክንያቱን ላስረዳ። ስልክ በዐረብኛ ሽቦ ማለት ነው፤ ዛሬ ሽቦ የሌለውንም ስልክ እንለዋለን። ደወለ የምንለው ደግሞ ከቤተ ክርስቲያኑ ደወል የወጣ ነው። አንድ ቀን አያቴ ስልክ ደውለው የቀረሁበትን ምክንያት ቢጠይቁኝ «ቢዚ ነኝ» ብዬ መለስሁ። እርሳቸውም ጥቂት ዝም ብለው «ቢዚ ምን የሚሉት በሽታ ነው ልጄ? ሐኪም ዐየህ ወይ?» አሉኝ። ይህን ለጓደኞቼ ስነግራቸው ሳቁ፤ እኔም አብሬ ሳቅሁ፤ ሌሊቱን ግን እንቅልፍ ነሣኝ። «ሥራ በዛብኝ» የሚለውን አማርኛ አጥቼው አልነበረምና።

ሱቅና ስኳር ከሩቅ አገር መጥተው እኔንና አያቴን አግባብተውናል። ቢዚ ግን አያቴን በገዛ ልጃቸው ቤት እንግዳ አደረጋቸው። ስለዚህ አንድ ቃል ሲመጣ አገሩን ብቻ አንጠይቀው፤ ማንን እንደሚያግባባና ማንን ከደጅ እንደሚያስቀር እንመርምር።

ጓደኞቼ ሆይ፣ ያልነበረንን ዕቃ ይዞ የመጣውን ቃል በደኅና እንቀበል፤ «ይቅርታ» እያለን «ሶሪ» ማለቱን ግን እንተው። ወላጆቻችንም ያልገባችሁን ቃል ስንናገር «ምን አልህ? ምን አልሽ?» ብላችሁ መጠየቅን አትፈሩ፤ ማፈር የሚገባን እኛ ነን።

ይህን ንግግር አስቀድሜ በስልክ ያነበብሁት ለአያቴ ነው። ሦስት ቃላት አልገቧቸውምና ሦስቱንም ሰርዣለሁ።