ዜማው የማን ነው?

(በተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ከአጥራችን ውጭ ካለው ሰፈር ሰዎች ጋራ ስላቋቋምነው የኅብረት ዘፈን ጓድ ጥቂት እንድናገር በመጋበዜ ምስጋናዬ ከፍ ያለ ነው። ሐሳባችን ሽማግሌዎችና ባልቴቶች የሚያውቁትን የደቦ፣ የሠርግ፣ የእሹሩሩና የሆያ ሆዬ ዜማ ሰብስበን፣ በዚያ መሠረት ላይ አዲስ ዘፈን ደርሰን፣ ተማሪውና የሰፈሩ ሰው ባንድነት እንዲዘፍነው ነው።

ሥራችን ግን በስሕተት ጀመረ። ኖታ እናውቃለን የምንል ተማሪዎች፣ አንዲት እናት የሰጡንን የወፍጮ እንጉርጉሮ ወስደን ለፒያኖ እንዲመች «አቃናነው»። ባሰማናቸው ጊዜ ዝም ብለው ካዳመጡ በኋላ፣ «ልጆቼ፣ ያማረ ነው፤ ግን የማን ዘፈን ነው?» አሉን። ኖታ ማንበብ ማወቅ ማለት ማዳመጥ ማወቅ ማለት እንዳልሆነ ያን ቀን ተረዳሁ።

ምክንያቱ ሩቅ አይደለም። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ የተባሉት ቅኝቶቻችን እያንዳንዳቸው በአምስት ድምፅ የቆሙ ናቸው፤ የማሲንቆ ተጫዋች ጣቱ የሚያርፍበት ስፍራ ግን ሁልጊዜ ከፒያኖ ድምፅ ጋራ አይገጥምም። ያን ትንሽ ልዩነት ስናጠፋ የዜማው ጠባይ አብሮ ይጠፋል።

አንዳንዶች ደግሞ፣ «እንዲያማ ከሆነ ዜማው እንዳለ ይቀመጥ፤ ድምፅ በድምፅ ላይ መደረብ የፈረንጅ ሥራ ነው» ይሉናል። ይህም ልክ አይደለም። በጋሞ ተራሮች የሚኖሩት ዶርዜዎች ልዩ ልዩ ድምፅ ባንድ ጊዜ አስተባብረው የሚዘፍኑት ከፈረንጅ ተምረው አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1963 ግብፃዊው የሙዚቃ ደራሲ ሐሊም ኤል-ዳብ በአዲስ አበባ ያቋቋሙት፣ በኋላም ተስፋዬ ለማ የመሩት ኦርኬስትራ ኢትዮጵያ፣ የክራር፣ የማሲንቆ፣ የዋሽንትና የበገና ባለሙያዎችን ባንድ መድረክ አሰባስቦ ነበር። ነገሩ አዲስ ነበር፤ ሆኖም አዲሱን ነገር የሠሩት የጥንቱን የሚያውቁት ባለሙያዎች ራሳቸው ነበሩ። ጓዱ እ.ኤ.አ. በ1975 ቢበተንም፣ የተቀዳው ሙዚቃ ዛሬም ይደመጣል።

ስለዚህ ደንባችንን ለውጠናል። መጀመሪያ ዜማውን የሰጠው ሰው ያወጣል፤ እኛ ተቀባይ ሆነን አዝማቹን እንማራለን። ከዚያ በኋላ የሚደረሰው አዲስ ዘፈን፣ ባለቤቱ «የኔ ነው» ካላለው ወደ መድረክ አይወጣም። ስሙም በዝግጅቱ ወረቀት ላይ ከደራሲው ስም በፊት ይጻፋል።

እኒያ እናት ባለፈው ሳምንት ልምምዳችን ላይ ተገኝተው ነበር። ሁለተኛውን ድርሰት ስንጀምር ምንም አልተናገሩም፤ አዝማቹ ላይ ስንደርስ ግን ቀድመውን ገቡ። ከዚህ የበለጠ ፈተና ማለፍ አልመኝም።

ከእናንተ የምንለምነው ገንዘብ አይደለም። ለበዓል ወደየአገራችሁ ስትመለሱ አያቶቻችሁ ዘንድ ቁጭ ብላችሁ፣ አንዳንድ ዜማ ተምራችሁ ኑ። ሽማግሌ ሲያልፍ ዜማው አብሮት እንዳይቀበር የሚያድነው ወረቀት ብቻ አይደለም፤ የወጣት ጉሮሮም ነው።