ለወፍራሙ ጊታር ቦታ መስጠት

(በማኅበራችን አሥረኛ ዓመት በዓል ላይ በሙዚቃ ክፍሉ ስም የቀረበ ንግግር)



በዚህ የአሥረኛ ዓመት በዓላችን ላይ የሙዚቃ ክፍሉን ወክለን ጥቂት ቃል እንድናሰማ ስለተፈቀደልን ከልብ እናመሰግናለን። አዘጋጅ ኮሚቴው የጠየቀን የክፍሉን የሥራ ሪፖርት ነበር። እኛ ግን ስንት ጊዜ ተለማመድን፣ ስንት ሠርግ ላይ ተጫወትን እያልን ከምንቆጥርላችሁ፣ ያጠፋነውን አንድ ጥፋትና እንዴት እንዳረምነው ብንነግራችሁ ይሻላል ብለናል።

እንደምታውቁት እሑድ ማታ በአዳራሹ የምንሰበሰበው ሁለት ጊታር፣ ቤዝ ጊታር፣ ኪቦርድ፣ ማሲንቆና ከበሮ ይዘን ነው። አንድ እሑድ ከአባሎቻችን አንዱ፣ የመኪና ማቆሚያ ውስጥ ሌሊት እየሠራ ባጠራቀመው ገንዘብ የገዛውን ጊታር ይዞ መጣ። አንገቱ ከኛዎቹ ይረዝማል፤ ክሮቹም ይወፍራሉ። ባሪቶን ጊታር ይሉታል። የተለመደው ጊታር ከወፍራሙ ክር ጀምሮ ኢ፣ ኤ፣ ዲ፣ ጂ፣ ቢ፣ ኢ ተብሎ ሲቃኝ፣ የርሱ ግን ቢ፣ ኢ፣ ኤ፣ ዲ፣ ኤፍ ሻርፕ፣ ቢ ተብሎ የተቃኘ ነበር። ድምፁ በጊታርና በቤዝ መካከል ነው ማለት ነው።

የመጀመሪያው ምሽት አላማረም። «ኤ ማይነር» ስንል እንደለመደው ጣቶቹን በኤ ማይነር አሳረፈ፤ የወጣው ግን ኢ ማይነር ሆነ። የዲ ማይነርን አያያዝ መያዝ ነበረበት። ያንን ሲያስተካክል ደግሞ፣ ስድስቱንም ክር ባንድ ጊዜ ሲመታው ድምፁ ከቤዙና ከኪቦርዱ ግራ እጅ ጋር ተደባልቆ እንደ ጎርፍ አጉረመረመ። ዘፋኛችን የራሷን ድምፅ መስማት አቃታት። ያን ጊዜ «ወይ አምስተኛው ፍሬት ላይ ካፖ እሰርና እንደኛ ተጫወት፣ ወይ የተለመደውን ጊታር ይዘህ ና» አልነው። ካፖው እዚያ ላይ ከታሰረ በእርግጥ ድምፁ ከተለመደው ጊታር እኩል ይሆናል። ነገር ግን ሁለት ጊታር እያለን ሦስተኛው ምን ሊያደርግልን ነው? ይህን አላሰብንም። ወንድማችን ዕቃውን ሰብስቦ ወጣ፤ ሦስት እሑድም ቀረ።

ያነቁን ቡና የሚያፈሉልን እናታችን ናቸው። «ያ እንደ በገና የሚያጉተመትመው ልጅ የት ሄደ?» ብለው ሲጠይቁን አንገታችንን ደፋን። ከመካከላችን ታክሲ የምንነዳው ሁለታችን የዚያኑ ሌሊት ሥራ ቦታው ድረስ ሄደን ይቅርታ ጠየቅነው። «አጥፍተሃል ብትሉኝ አርም ነበር፤ ያላችሁኝ ግን አትመችም ነው» አለን። እኛም በዚህ አገር፣ ያቋረጥነውን የዩኒቨርሲቲ ትምህርት ማስረጃ ይዘን ስንቱን መሥሪያ ቤት አንኳኩተን ያንኑ ቃል ሰምተን ተመልሰናል። እዚህ አዳራሽ ውስጥ ያልሰማው ጥቂት ነው። በገዛ ወንድማችን ላይ መልሰን መናገራችን ነበር ያሳፈረን።

ተመልሶ ሲመጣ በቅድሚያ ያደረግነው ራሳችን መቀነስ ነበር። ኪቦርዱ ግራ እጁን ከቤዙ ሰፈር አነሳ፤ ከሁለቱ ጊታሮች አንዱ በየተራ ማረፍ ጀመረ። ወንድማችንም ሙሉ ኮርድ መምታቱን ትቶ ሁለት ድምፅ ብቻ ያዘ፦ መነሻውንና ከርሱ ሰባት ግማሽ ድምፅ ከፍ የሚለውን። በትዝታ፣ በባቲና በአምባሰል ሁለቱም ድምፆች ስላሉ ያምራል። በአንቺሆዬ ግን ያ ሁለተኛው ድምፅ በግማሽ ዝቅ ስለሚል ይጋጫል፤ እዚያ ሲደርስ መነሻውን ብቻ ይዞ ይጠብቃል።

ሁለተኛ ሥራም ተገኘለት። በናሽቪል ከተማ፣ በ1950ዎቹ መጨረሻና በ1960ዎቹ የካንትሪ ሙዚቃ ሲቀረጽ፣ ቤዙ የሚጫወተውን በሌላ ወፍራም ጊታር፣ ክሩን በመዳፍ አፍነው «ቲክ ታክ» እያሰኙ ይደግሙት ነበር። እኛም በጭፈራ ዘፈኖቻችን ላይ ሞከርነው፤ ከበሮ ሲበዛ የማይለየው ቤዝ አሁን ጥርት ብሎ ይሰማል። ሦስተኛው ሥራ ዘፋኟ ትንፋሽ ስትወስድ ከማሲንቆው ጋር እየተፈራረቁ መመለስ ነው።

ይህ ለኛ አዲስ ነገር ሊሆንብን አይገባም ነበር። በባህል ቡድኖቻችን ትንሹ ክራር ዜማውን ሲመራ ቤዝ ክራሩ ከሥር ደግፎት ይሄዳል። በ1963 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ላይ የተቋቋመው ኦርኬስትራ ኢትዮጵያም ከየአካባቢው የመጡ የባህል መሣሪያዎችን በአንድ መድረክ አሰባስቦ ነበር። ዋናው ጥያቄ «እኛን ይመስላል ወይ?» ሳይሆን «ምን ጎድሎናል?» የሚለው ነው።

ውድ ወገኖቻችን፣ ዛሬ ማታ ትዝታ ስንጫወት ከዘፋኟ ድምፅ በታች፣ ከቤዙ በላይ ያለውን ድምፅ ልብ ብላችሁ ስሙ። ያ እርሱ ነው። እቤቱ የተቀመጠ መሣሪያ ያለው፣ ወይም «የኔ ድምፅ ከእነርሱ ጋር አይሄድም» ብሎ የቀረ ካለ፣ እሑድ ማታ ይምጣ። ወንበር አለ፤ እኛም ጠጋ ጠጋ እንላለን።

ማኅበራችንን ለሃያኛው ዓመት በሰላም ያድርስልን።