ወፍጮ በታሪፍ መዝገብ ውስጥ

ስለ ገቢ የቤትና የኢንዱስትሪ መሣሪያዎች የጉምሩክ ታሪፍ አመዳደብ ለማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ የተሰናዳ ንግግር




በስማዳ ወረዳ፣ በወገዳ ከተማ፣ «ባቡሩ የት ነው?» ብሎ የሚጠይቅ መንገደኛ የሚመራው ወደ ወፍጮ ቤት ነው፤ በአካባቢው ሐዲድ ተዘርግቶ አያውቅምና። «መኪና» ቢልም እንደ አነጋገሩ በጎዳና የሚሄደው ተሽከርካሪ፣ ወይም በሱቅ በረንዳ ላይ ልብስ የሚሰፋበት መሣሪያ ሊሆን ይችላል። አማርኛ ተናጋሪ የሆነ ሁሉ ከንግግሩ አገባብ ይህን ከዚያ ያለ ችግር ይለየዋል። ነገር ግን ያው ቃል በጉምሩክ ዲክላራሲዮን ላይ በሰፈረ ጊዜ አገባቡ ይቀርና ቃሉ ብቻውን ይቆማል። ያን ጊዜ የቃሉ ትርጉም የገንዘብ፣ አልፎም የሕግ ጉዳይ ይሆናል።

የዚህ ንግግር መነሻም ይኸው ነው። ከውጭ አገር የሚገቡ የቤትና የኢንዱስትሪ መሣሪያዎች በታሪፍ መዝገብ ውስጥ ቦታቸውን የሚያገኙት እንዴት ነው? ቦታው ሲሳሳትስ ጉዳቱ በማን ላይ ያርፋል? ለዚህ ጥያቄ ከወፍጮ የተሻለ ምሳሌ አይገኝም። በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ገጠር ሞተር ያለው ወፍጮ ከመግባቱ በፊት እህል ወደ ዱቄት የሚለወጠው ሴቲቱ በድንጋዩ ላይ ጎንበስ ብላ መጁን በመግፋት ነበር። ወፍጮ ቤት የራቀበት ቀበሌ ዛሬም ቢሆን ይህ ድካም ፈጽሞ አልቀረለትም። ስለዚህ በወደብ በአንድ የወፍጮ ማሽን ላይ የሚጨመር ወጪ በመጨረሻ የሚከፈለው እህሏን ተሸክማ ከወፍጮ ቤት ደጃፍ ተራ በምትጠብቀው ሴት ነው።

1. የመዝገቡ አመጣጥና አሠራር

ከባድ ብረት በዚህ አገር ሲያልፍ ያሁኑ የመጀመሪያው አይደለም። አፄ ቴዎድሮስ በደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት ያሠሩት ሴባስቶፖል የተባለው መድፍ በ1860 ዓ.ም. በሰው ጉልበት እየተጎተተ ወደ መቅደላ የተጓዘው በጋይንት በኩል ነበር። ያን ጊዜ የመሣሪያው ችግር ክብደቱና መንገዱ ነበር። ዛሬ ግን በጅቡቲ በኩል የሚገባ መሣሪያ ወደ መንገዱ ከመውጣቱ በፊት በቅድሚያ ስም ሊሰጠው፣ ቁጥርም ሊያገኝ ይገባል።

ቁጥሩ የሚገኝበት መዝገብ ሐርሞናይዝድ ሲስተም፣ ባጭሩ ኤች.ኤስ. ይባላል። የስምምነቱ ሰነድ በ1983 እ.ኤ.አ. በብራስልስ ጸድቆ ከጥር 1 ቀን 1988 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሥራ ላይ ውሏል። ጠባቂው ዛሬ የዓለም ጉምሩክ ድርጅት ተብሎ የሚታወቀው የቀድሞው የጉምሩክ ትብብር ምክር ቤት ነው። መዝገቡ በ21 ክፍሎችና በ97 ምዕራፎች የተደራጀ ሲሆን፣ 77ኛው ምዕራፍ ለወደፊት የተተወ በመሆኑ ባዶ ነው። የመጀመሪያዎቹ ሁለት አኃዞች ምዕራፉን፣ አራቱ አንቀጹን፣ ስድስቱ ደግሞ ንኡስ አንቀጹን ያመለክታሉ። ከስድስቱ በኋላ እያንዳንዱ አገር የራሱን አኃዝ ይጨምራል። እስከ ስድስተኛው ድረስ ግን በብራስልስና በአዲስ አበባ መካከል ልዩነት ሊኖር አይገባም።

የአመዳደቡ አጠቃላይ ደንቦች ስድስት ናቸው። ከሁሉም በላይ የሚከበረው አንደኛው ነው። ይኸውም የክፍልና የምዕራፍ ርእሶች ለመምሪያ ያህል ብቻ የተሰጡ መሆናቸውን ገልጾ፣ ምደባው በአንቀጾቹ ቃልና በክፍልና በምዕራፍ ማስታወሻዎች መሠረት እንዲፈጸም ያዛል። ዕቃው በገበያ የሚጠራበት ስም፣ የአስመጪው ሙያ ወይም የገዢው ድህነት በደንቡ ውስጥ አይገኝም። ይህ ነጥብ ከዚህ በታች ለሚነገረው ሁሉ መሠረት ነው።

2. አንድ ቃል፣ ሰባት ቦታ

«ወፍጮ» የሚለው የአማርኛ ቃል በመዝገቡ ውስጥ ቢፈለግ በአንድ ቦታ አይገኝም። በእጅ የሚዞር፣ ክብደቱ ከ10 ኪሎ ግራም የማይበልጥ የቡና ወይም የበርበሬ ወፍጮ በምዕራፍ 82፣ በአንቀጽ 82.10 ከብረታ ብረት መሣሪያዎች ጋር ይመደባል። ለማእድ ቤት የተሠራ፣ የኤሌክትሪክ ሞተር በውስጡ ያለው የምግብ መፍጫ በአንቀጽ 85.09 ይገባል። ለእርሻ ሥራ የተሠራ፣ ለምሳሌ የከብት መኖ የሚያደቅ ማሽን፣ በ84.36 ከእርሻ መሣሪያዎች ጋር ይሄዳል። እህልና ጥራጥሬ ለሚያዘጋጀው የወፍጮ ኢንዱስትሪ የተሠራው በ84.37 ይሰፍራል። በፋብሪካ ደረጃ ቡና የሚያዘጋጅ በ84.38፣ ድንጋይና ማዕድን የሚፈጭ ደግሞ በ84.74 ይመደባል። በመጨረሻም ያለ ማቀፊያው ለብቻው የመጣ የወፍጮ ድንጋይ ማሽን መሆኑ ቀርቶ በ68.04 ከድንጋይ ውጤቶች ጋር ይቈጠራል።

እንግዲህ በኢንቮይሱ ላይ «ወፍጮ» ብቻ ብሎ የሚጽፍ አስመጪ ሰባት በር ያለው ቤት ፊት ቆሞ በየትኛው እንደሚገባ አልተናገረም ማለት ነው።

ከሰባቱ ውስጥ ለወገዳው ወፍጮ ቤት የሚቀርቡት ሁለቱ፣ ማለትም 84.36 እና 84.37 ናቸው። የ84.37 ቃል የወፍጮ ኢንዱስትሪን ማሽኖች ጠቅሶ «የእርሻ ዓይነት ከሆኑት በስተቀር» ይላል። ወፍጮውን የሚገለገሉበት ሁሉ ገበሬዎች ናቸው፤ ስለዚህ የእርሻ መሣሪያ ነው የሚል ክርክር የሚነሣው ከዚህ ላይ ነው። ክርክሩ ልብ የሚነካ ቢሆንም አይጸናም። ቃሉ የሚጠይቀው ማሽኑ ለምን ሥራ እንደ ተሠራ ነው፤ የእህሉ ባለቤት ማን እንደ ሆነ አይጠይቅም። የገበሬውን ጤፍ ለሰው ምግብ እየፈጨ በክፍያ የሚያገለግል ማሽን በሥራው የወፍጮ ኢንዱስትሪ ማሽን ነው፤ ቦታውም 84.37 ነው። በፎገራ ሜዳ የሚመረተውን ሩዝ በወረታ የሚፈትጉት ማሽኖችም የሚመደቡበት አንቀጽ ይኸው ነው። እህል የሚወቃው ማሽን ግን ከመከር መሣሪያዎች ጋር በ84.33፣ የኑግ ዘይት የሚጨምቀውም በ84.79 ስለሚገኝ ከወፍጮ ጋር ሊደባለቅ አይገባም።

3. የቤት ወይስ የኢንዱስትሪ?

ብዙ ውዝግብ የሚያስነሣው ሁለተኛው ጉዳይ «የቤት» የሚለው ቃል ነው። መዝገቡ በአንዳንድ ቦታ ይህን ልዩነት በሚመዘንና በሚለካ ነገር ይወስነዋል። በምዕራፍ 85 ማስታወሻ መሠረት በ85.09 የሚገቡት በተለምዶ ለቤት አገልግሎት የሚውሉ ማሽኖች ሲሆኑ፣ የምግብ መፍጫና መደባለቂያ ወይም የፍራፍሬ መጭመቂያ ከሆኑ ክብደታቸው አይጠየቅም። ከሌሎቹ አብዛኞቹ ግን ከ20 ኪሎ ግራም መብለጥ የለባቸውም። የልብስ ማጠቢያ ማሽን የቤትም ሆነ የላውንደሪ በአንድ አንቀጽ፣ በ84.50 ይመደብና በውስጡ በ10 ኪሎ ግራም ደረቅ ልብስ መጠን ይከፈላል። በ84.18 ሣጥን መሰል ማቀዝቀዣ እስከ 800 ሊትር፣ ቋሚው እስከ 900 ሊትር ድረስ የራሳቸው ንኡስ አንቀጽ አላቸው።

ሚዛንና ሊትር በሌለበት ቦታ ግን ቃሉ ብቻውን ይቀራል። የልብስ ስፌት መኪና በ84.52 ሲመደብ ንኡስ አንቀጽ 8452.10 «የቤት ዓይነት» ለሆነው ተለይቶ ተሰጥቷል። ይህ ስያሜ የተወለደው በአውሮፓና በአሜሪካ እያንዳንዷ የቤት እመቤት ለቤተሰቧ በምትሰፋበት ዘመን ልማድ ነው። በወገዳ ገበያ ያው በእግር የሚረገጠው መኪና የልብስ ሰፊው የዕለት እንጀራ ነው። ይሁን እንጂ ሰፊው በንግድ ስለ ተጠቀመበት መኪናው ዓይነቱን አይለውጥም። «ዓይነት» የሚለው ቃል የሚያመለክተው የማሽኑን አሠራር ነው። በአንጻሩም አንድ ባለጸጋ የዳቦ ፋብሪካ ምድጃ በመኖሪያ ቤቱ ቢያስገባ ምድጃው የቤት ዕቃ አይሆንም።

የኃይል ምንጩም ቦታን ይለውጣል። የኤሌክትሪክ ምጣድና ምድጃ በ85.16 ከኤሌክትሪክ መሣሪያዎች ጋር ሲመደቡ፣ በጋዝ፣ በላምባ ወይም በከሰል የሚሠራ የብረት ምድጃ በ73.21 ከብረት ውጤቶች መካከል ይገኛል። ሁለቱም ወጥ ያበስላሉ፤ በመዝገቡ ውስጥ ግን በመካከላቸው አሥራ ሁለት ምዕራፍ አለ። የኤሌክትሪክ መስመር ባልደረሰባቸው ቀበሌዎች የሚሸጠው የራሱ ባትሪ ያለው የፀሐይ ኃይል የእጅ ፋኖስ በ85.13፣ ለብቻው የመጣው የፀሐይ ሰሌዳ ደግሞ በ85.41 ይመደባል።

4. የተፈታታ ዕቃና መለዋወጫ

ወፍጮ ተገጣጥሞ የሚመጣበት ጊዜ ጥቂት ነው። የመጫኛ ዋጋ ለመቀነስ ተፈታቶ በሣጥን ይገባል። ሁለተኛው ደንብ እንደሚለው፣ ተፈታቶ የቀረበ ዕቃ የተሟላ ዕቃ ሆኖ ይመደባል። እንዲሁም ክፍል 16 በማስታወሻው አንድ ሥራ በጋራ ለመሥራት የታሰቡ ማሽኖች በአንድነት በቀረቡ ጊዜ በዋናው ሥራቸው እንዲመደቡ ያደርጋል። ስለዚህ ወፍጮውና አንቀሳቃሹ የናፍጣ ሞተር እንደ አንድ ክፍል አብረው ከገቡ በ84.37 ይጠቃለላሉ። ሞተሩ ለብቻው ከመጣ ግን በ84.08፣ የኤሌክትሪክ ከሆነም በ85.01 ይመደባል።

ማሽኑ ሥራ ከጀመረ በኋላ የሚመጣው ጣጣ የመለዋወጫ ነው። ኩሽኔታው ሲያልቅ፣ ፑሌጃው ሲሰነጠቅ፣ ቺንጋው ሲበጠስ ባለ ወፍጮው ሦስቱንም «የወፍጮ ዕቃ» ብሎ ያዛል። መዝገቡ ግን እንዲህ አያይም። ኩሽኔታ በ84.82፣ ፑሌጃ በ84.83 የየራሳቸው አንቀጽ ስላላቸው ለየትኛውም ማሽን ቢታሰቡ በዚያው ይመደባሉ። የጎማ ቺንጋ ጭራሹን ከማሽኖች ክፍል ወጥቶ በ40.10 ከጎማ ውጤቶች ጋር ይገኛል። የወፍጮ ክፍል ተብለው በ84.37 የሚቀሩት ለዚያ ማሽን ብቻ ወይም በዋናነት ለእርሱ የተሠሩትና ሌላ ቦታ ያልተሰጣቸው ናቸው።

5. ልዩነቱ በገንዘብ

ከ1985 ዓ.ም. ማሻሻያ በፊት የኢትዮጵያ የጉምሩክ ታሪፍ ጣሪያ 230 በመቶ ይደርስ ነበር። በየደረጃው እየተቀነሰ በ1995 ዓ.ም. 35 በመቶ ሆነ። ጣሪያው ዝቅ ቢልም ለምርት መሣሪያና ለፍጆታ ዕቃ የሚጣለው ልክ የተለያየ በመሆኑ የምደባ ክብደት አልቀነሰም።

ለስሌት ያህል፣ እስከ ወደብ ያለው ዋጋ 100,000 ብር የሆነ መሣሪያ ይታሰብ። በ5 በመቶ መስመር ቢገባ ቀረጡ 5,000 ብር ነው። 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ የሚሰላው በዋጋውና በቀረጡ ድምር ላይ በመሆኑ 15,750 ብር ይጨመራል፤ ጠቅላላው 20,750 ብር ይሆናል። በ30 በመቶ መስመር ቢገባ ቀረጡ 30,000፣ ታክሱ 19,500፣ ጠቅላላው 49,500 ብር ይደርሳል። የ28,750 ብር ልዩነት የተፈጠረው መሣሪያው ሳይለወጥ በቁጥሩ ብቻ ነው። ሱር ታክስና ኤክሳይዝ በሚከፈልበት ዕቃ ላይ ልዩነቱ ከዚህም ይሰፋል። ዕቃው ተሸጦ ካለቀ ከዓመታት በኋላ በኦዲት ስሕተቱ ቢገለጥ ደግሞ ያልተከፈለው ቀረጥ ከነመቀጫው ይጠየቃል። ያን ጊዜ ነጋዴው ከገዢው ሊያስመልሰው የሚችለው አንዳች ነገር የለም።

6. ቸርነት በምደባ አይደረግም

ከዚህ ላይ አንድ አሳብ ሳይነሣ አይቀርም። ወፍጮ የሴትን ጉልበት የሚያሳርፍ ከሆነ፣ የጉምሩክ ሠራተኛው በአንቀጾች መካከል ሲያመነታ ዝቅተኛውን ቀረጥ ቢመርጥ ምን ክፋት አለው? አሳቡ ከበጎ ልብ የመነጨ ነው፤ ውጤቱ ግን በጎ አይደለም። አንዱ መርማሪ የራራለትን ሌላው ካልራራለት፣ በአንድ ቀን በሁለት በር የገቡ ሁለት እኩል ወፍጮዎች እኩል ያልሆነ ቀረጥ ይከፍላሉ። እውነተኛውን የጻፈው ነጋዴ ከሸሸገው ጋር ተወዳድሮ ይከስራል። ርኅራኄ በቁጥር ላይ ከተፈቀደ ጭካኔም፣ መማለጃም በዚያው በር ይገባሉ።

አገር ወፍጮን፣ የስፌት መኪናን ወይም የፀሐይ ፋኖስን ለመርዳት ከፈለገ መንገዱ ግልጽ ነው። በትክክለኛው መስመር ላይ የሚጣለውን ልክ በሕግ ዝቅ ያደርጋል፤ ወይም ነጻ ያወጣል። ያ ቸርነት ለሁሉም እኩል ይደርሳል፤ ስንት እንደ ፈጀም ይታወቃል። ምደባ ግን ምስክርነት ነው። ምስክር የሚራራለትንም የሚጠላውንም ያየውን ብቻ ይናገራል።

ምስክርነቱ ደግሞ የመርማሪው ብቻ አይደለም፤ ከአስመጪውና ከጉምሩክ አስተላላፊው ይጀምራል። «ወፍጮ ከነዕቃው» ከማለት ይልቅ «በናፍጣ ሞተር የሚንቀሳቀስ፣ እህል ለሰው ምግብ ወደ ዱቄት የሚፈጭ፣ ተፈታቶ የቀረበ» ብሎ፣ ክብደቱንና በሰዓት የሚፈጨውን መጠን አክሎ፣ ካታሎጉን አያይዞ ማቅረብ አብዛኛውን ክርክር ከመወለዱ በፊት ያስቀረዋል። ጥርጣሬ ባለበትም ገንዘብ ከመውጣቱና ዕቃው ከመጫኑ በፊት መጠየቅ ይሻላል። በ2017 እ.ኤ.አ. በሥራ ላይ የዋለው የዓለም ንግድ ድርጅት የንግድ ማሳለጥ ስምምነት በአንቀጽ 3 ስለ ቅድመ ውሳኔ የደነገገው ይህንኑ ጥቅም አስቦ ነው።

የተከበራችሁ አባላት፤

ከወደብ እስከ ወገዳ ያለው መንገድ ረጅም ነው። በወደብ የተጻፈ አንድ የተሳሳተ ቁጥር ከጭነቱ ጋር ተራራውን ወጥቶ፣ ቈላውን ወርዶ፣ በወፍጮ ቤቱ ሚዛን ላይ በሳንቲም ተከፋፍሎ ይቀመጣል። እህሏን ይዛ የቆመችው ሴት ስለ አንቀጽ 84.37 ሰምታ አታውቅም፤ ልታውቅም አይጠበቅባትም። ሊያውቁላት የሚገባቸው፣ እንጀራቸውም ይኸው የሆነ ባለሙያዎች ናቸው።